ቀዶ ሕክምና ላለፈበት፣ ነርቭ ለሚያመው እግር ምን ይገዛ? በጎጃም ገበያና ፋርማሲ የሚገኙ ዕቃዎች ሲመዘኑ

ስፌቱ ወጥቷል፣ አጥንቱ ይዟል፣ ራጁም ብረቱና ብሎኑ በቦታቸው መሆናቸውን ያሳያል። እግሩ ግን ማታ ማታ ይለበልባል፤ ካልሲ ሲነካው ይሰቀጥጣል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ጎን ተነሥቶ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ይህ የአጥንት ሕመም አይደለም፣ የነርቭ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ ሰው ይህ ሲሰማው ብሩን መጀመሪያ የሚያወጣው በመርፌና በቅባት ላይ ነው። በእኛ ሚዛን ግን ብሩ መጀመሪያ መውጣት ያለበት በጫማ ላይ ነው። ከዚያ እቤት ባለ ጥጥና እህል የሚሠራው ንክኪን የማስለመድ ልምምድ ይመጣል፣ ቀጥሎ ክኒኑ፤ ቅባትና ማሽን መጨረሻ ላይ ናቸው። የተጎዳ ነርቭ በየእርምጃው እየተገፋና እየተፈተገ ክኒን ብቻውን አያሳርፈውም።

ገበያ ከመውጣት በፊት የሚያመው የትኛው ነርቭ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የሚገዛው ጫማ የሚወሰነው በዚህ ነው። በቁርጭምጭሚት በኩል ወደ እግር የሚወርዱት ዋና ዋና ነርቮች አምስት ናቸው። አንዱ ከውጭው ቁርጭምጭሚት ኋላ ዞሮ ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፤ የተረከዝ ጅማት ሲሰፋ ወይም እግሩ በውጭ ጎን ሲከፈት የሚነካው እሱ ነው። ሁለተኛው ከፊት ለፊት በውጭ በኩል ወርዶ በእግር ጀርባ ላይ ከቆዳ ሥር ይበተናል፤ በውጭው አጥንት ላይ ብረት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ይኸኛው ነው። ሦስተኛው ጠልቆ ይሄድና በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ይወጣል። አራተኛው በውስጥ በኩል በፊት ይወርዳል። አምስተኛውና ትልቁ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ አልፎ ውስጥ እግርን ያዳርሳል።

ለመለየት በጠባሳው ዙሪያ በጣት ጫፍ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው። ንዝረቱ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ጣት የሚሮጥ ከሆነ ያንን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ፣ ቀኑንም መጻፍ። የሚያገግም ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በወር 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ነጥቡ ከወር ወር ወደ ጣት እየወረደ ከሄደ መልካም ነው። ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ከረጋና ሲነካ የሚያስጮህ ከሆነ ግን ነርቩ በጠባሳ ተይዞ ወይም ጫፉ ተቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምናውን ለሠራው ሐኪም መታየት አለበት። ሐኪሙ እዚያች ነጥብ ላይ ጥቂት ማደንዘዣ ወግቶ ሕመሙ ለሰዓታት ከጠፋ ጥፋተኛው ነርቭ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ጫማው እንምጣ። ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ጭቃ አይፈራም፤ ለዚህ እግር ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ፕላስቲኩ አንድ ወጥ ስለሆነ እግር ከሰዓት በኋላ ሲያብጥ አይለጠጥለትም። ጠርዙ ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይቆርጣል፤ ላቡ ደግሞ ጠባሳውን ያላላዋል። በረባሶ በሶሉ ይሻላል፤ የመኪና ጎማ ስለሆነ ጠጠር አያሳልፍም፣ አይታጠፍምም፤ ውስጥ እግሩን ለሚያመው ሰው ይህ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ማሰሪያው ነው። የእግር ጀርባን አቋርጦ ያልፋል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ነርቩን ከቆዳ በቀር የሚሸፍነው የለም። በረባሶ የግድ ከሆነ ማሰሪያው በለስላሳ ቆዳ ይለበጥ፤ ሚስማሩም ወደ ውስጥ ብቅ አለማለቱ በየሳምንቱ በእጅ ይዳሰስ። የደነዘዘ እግር ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም።

በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል የሚገባው ነጠላ ጫማ ሕመሙ እዚያው ላይ ለሆነ ሰው ፈጽሞ አይሆንም። በሰፊ ማሰሪያ ከላይ የሚያዘው የተሻለ ቢሆንም ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጫማው እንዳይወልቅ ጣቶቹ በየእርምጃው ስለሚጨብጡት እግሩ ይደክማል።

ሸራ ጫማ ከምንጠብቀው በላይ ጥሩ ነው። ጎኑ ለስላሳ ነው፣ በክር ስለሚታሰር ይሰፋል ይጠባል። ድክመቱ ሶሉ ነው፤ ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ የባሕር ዳር አስፋልት እንኳ ይሰማል፣ የደብረ ማርቆስ ኮብልስቶንማ አይነገርም። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ገዝቶ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ገበር መጨመር ያስተካክለዋል።

የእኛ ምርጫ ግን ሰልባጅ የሩጫ ጫማ ነው። አዲስ ተብሎ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጠው ቀጭን ስኒከር ይልቅ በደንብ የተመረጠ ሰልባጅ ይሻላል፤ ጉዳዩ ያለው ከምርጫው ላይ ነው። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረማመድ ተቀርጾበታል፣ ይተው። በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ፤ መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ ሥር ነው፣ መሐሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ አይጠቅምም። የተረከዙን ግድግዳ በአውራ ጣት መጫን፤ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። የሶሉን ጎን መጫን፤ ሽብሽቡ ተጨምድዶ ከቀረ ስፖንጁ ሞቷል። ከዚያ እጅን እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ጫማው ውስጥ አስገብቶ ስፌቱን መዳሰስ ነው። ለዓይን የማይታይ የክር ቋጠሮ ለዚህ እግር እንደ እሾህ ነው።

ልክ የሚለካው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ ነው። ወረቀት ላይ ቆሞ፣ ክብደት ጥሎ፣ የቀዶ ሕክምናው እግር ዙሪያው በእርሳስ ይነደፋል፤ ወረቀቱን ይዞ ገበያ መሄድ ነው። የጫማው የውስጥ ገበር ይወጣና ንድፉ ላይ ይነጠፋል። ንድፉ በየትኛውም ጎን ከገበሩ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መትረፍ አለበት። ገበሩ የማይወጣ ጫማ አይገዛ፤ ነገ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ ልምምድ የሚያክም ባለሙያ) የተለየ ገበር ቢያዝ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። ሁለቱ እግሮች ከተለያዩ በትልቁ መግዛትና በትንሹ በኩል ገበር መደረብ ነው። ሰልባጁ ከመደረጉ በፊት በሳሙና ታጥቦ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ይምታው።

ክሩም ልብ ይባል። ሕመሙ በእግር ጀርባ ላይ ከሦስተኛው ቀዳዳ ትይዩ ነው እንበል። ክሩ እዚያ ላይ አይሻገር፤ በሁለቱም ጎን ከሁለተኛው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ አራተኛው ይውጣ፣ ከዚያ በላይ እንደተለመደው ይሻገር። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ለብዙ ሰው ግን ከቅባት የበለጠ ያደርጋል። ስፖንጅ ስለ መደረብም አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይሠራል፤ ሰው ስፖንጁን የሚያመው ነጥብ ላይ ያስቀምጠዋል። ጫማው ውስጥ ያለው ቦታ ስለማይጨምር ነጥቡ ይብሱን ይጫናል። መደረግ ያለበት ስፖንጁን መሐሉን በስቶ እንደ ቀለበት መሥራት ነው፤ ነጥቡ በቀዳዳው ውስጥ ነጻ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጫናውን ዙሪያው ይሸከማል። የጫማው አፍ የውጭውን ቁርጭምጭሚት የሚነካ ከሆነ ደግሞ ጫማ ሰፊ ጋር ወስዶ እዚያ ቦታ ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ማስቆረጥና ጠርዙን በለስላሳ ቆዳ ማስለበጥ ይቻላል።

ክረምት ሲገባ ከቦት ጫማ ማምለጥ አይቻልም፤ በተለይ በጮቄ ዙሪያና በደጋው ያለ ገበሬ ያለሱ ማሳ አይገባም። የጎማ ቦት ሁለት ችግር አለው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ብርድ ደግሞ የነርቭ ሕመምን ያብሳል። የላይኛው ጠርዙ ደግሞ በሚራመዱበት ጊዜ እግርን እየመታ ብረቱ ያለበትን ጠባሳ ይፈትጋል። ወፍራም ካልሲ እስከ ጉልበት ተስቦ ይደረግ፣ እጥፋቱ ጠባሳው ላይ አይዋል፣ ሥራ ሲያልቅ ወዲያው ይውለቅ፣ አድሮ ይድረቅ። ጫማው ሁሉ አሳመመኝ ብሎ በባዶ እግር መሄድ መፍትሔ አይደለም። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ለሚረግጠው ሰው ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ለጠጠርና ለስንጥር የተጋለጠ ነው። ካልሲው ጥጥ ይሁን፣ አፉ አይጥበቅ፣ ተገልብጦ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን። ነጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ደም ወይም እዥ ቢወጣ ማታ ይታያል።

ቀጥሎ ያለው ምንም አይገዛበትም። ነርቩ የለመደውን ንክኪ እንደ ሕመም ስለሚያነበው ንክኪን ቀስ በቀስ እንደገና ማስለመድ ያስፈልጋል። ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ይጀመራል። በጥጥ ነው የሚጀመረው፤ ጤነኛ ከሆነው ቆዳ ተነሥቶ ወደሚያመው ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ለ2 ደቂቃ፣ በቀን 5 ጊዜ። ጥጡ መሰቀጠጡን ሲተው ወደ ነጠላ፣ ከነጠላ ወደ ጋቢ፣ ከጋቢ ወደ ፎጣ ይታለፋል። ከዚያ እህሉ ይመጣል። ሳፋ ውስጥ ጤፍ ተደርጎ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይነከርና ጣቶቹ ለ5 ደቂቃ ይንቀሳቀሳሉ። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ውሃ ይሸሻል፣ አንድ ነጥብ ላይ አይጫንም፤ ለመጀመሪያ ከሱ የተሻለ የለም። ቀጥሎ ስንዴ፣ መጨረሻ ሽንብራ። እህሉ ለዚሁ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። መለኪያው ይህ ነው፦ ልምምዱ ካበቃ በኋላ ሕመሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ደረጃው ልክ ነው፤ ሌሊቱን ካላስተኛ አንድ ደረጃ መውረድ ነው። ይህ ልምምድ የሚከሽፈው በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ ብዙ ተሠርቶ በማግሥቱ ስለሚተው ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚፈልገው።

በሙቅ ውሃና ጨው መዘፍዘፍ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ያፍታታል፣ ግን የደነዘዘ እግር ውሃው ሲያቃጥለው አያውቅም። ሙቀቱ በክርን ይለካ፣ በእግር አይለካ። ከከሰል ማንደጃ አጠገብ እግር ዘርግቶ መሞቅ ይቅር።

ስለ ክኒን ስንነጋገር አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአጥንትና የእብጠት ሕመም ያስታግሳሉ፣ ለነርቭ መለብለብ ግን ብዙም አይሠሩም። ለወራት ሲዋጡ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ለነርቭ የሚታዘዙት ሌሎች ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ ለዋጋው የሚሰጠው ጥቅም ጥሩ ነው። 25 ሚሊ ግራሙ ክኒን ከሆነ ብዙ ጊዜ በግማሽ ይጀመራል፣ ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ወደ ሙሉ ያሳድገዋል። ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ጠዋት የሚያፈዝ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ማምጣት ይረዳል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። የልብ ምት መዛባት፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት የመቋጠር ችግር ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር።

ጋባፔንቲን ዋጋው ከፍ ይላል፤ አሚትሪፕቲሊን ለማይስማማው፣ ልቡ ለታመመ ወይም ለአዛውንት ሰው ብዙ ጊዜ የሚተካው እሱ ነው፣ ምንም እንኳ እሱም በመጀመሪያው ሳምንት ቢያዞር። የተለመደው አጀማመር በመጀመሪያው ቀን ማታ አንድ 300 ሚሊ ግራም፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ ነው፤ ከዚያ እንደ ሁኔታው ሐኪሙ ይጨምራል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል። የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው በሁለቱ መካከል 2 ሰዓት ያራርቅ፣ አለበለዚያ ጋባፔንቲኑ በደንብ አይሰርግም። በድንገት አይቆምም፤ ቢያንስ በሳምንት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው የማታው አሚትሪፕቲሊን አያስቸግርም፤ ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ጋባፔንቲን ግን ሰዓቱ ከሐኪም ጋር ይስተካከል፣ በሁለት መጠን መካከል ከ12 ሰዓት በላይ አይለፍ።

ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች «አልሠራልኝም» የሚሉት በአብዛኛው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ስለሚተዋቸው፣ ወይም ሕመሙ በበረታ ቀን ብቻ ስለሚውጧቸው ነው። እንደ ራስ ምታት ክኒን አይደሉም። በየቀኑ ተወስደው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ግማሽ ያህል ከቀነሱ ጥሩ ሠርተዋል ማለት ነው። ከአረቄም ሆነ ከጠላ ጋር አይሄዱም፤ እንቅልፉ ይደራረብና ትንፋሽ እስከ መዳከም ይደርሳል። ትራማዶልን ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ደርቦ መውሰድ ደግሞ የሚጥል ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞከር።

የቫይታሚን ቢ መርፌ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው፤ በእኛ ግምት ግን ከሁሉ የሚባክነው ብር እዚህ ላይ የሚወጣው ነው። ቫይታሚኑ በደሙ ውስጥ ላነሰው ሰው፣ ለምሳሌ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት ለወሰደ፣ በእርግጥ ይጠቅማል። ላላነሰው በቢላዋ ወይም በጠባሳ የተጎዳን ነርቭ አያድንም። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንዲያውም ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ካፕሳይሲን የሚባለው ቅባት በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥላቸው ንጥረ ነገር የተቀመመበት ነው። ከ0.025 እስከ 0.075 በመቶ ያለው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በስሱ ይቀባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፤ አልፎ አልፎ የሚቀባ ሰው ማቃጠሉን ብቻ ያተርፋል፣ ጥቅሙ የሚመጣው በተከታታይ ሳምንታት ነው። ክፍት ቁስል ላይ አይነካ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ከመታጠቢያ በፊት አይቀባ። የቤት በርበሬ በዘይት ለውሶ መቀባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ የደነዘዘ ቆዳን አቃጥሎ ያቆስላል።

በባትሪ የሚሠራው የነርቭ ማነቃቂያ ማሽን፣ ቴንስ የሚባለው፣ ጫማው ተስተካክሎ ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። ለአንዳንዱ ሰው ማሽኑ በርቶ እያለ ጥሩ እፎይታ ይሰጣል፣ ሲጠፋ ግን ሕመሙ ይመለሳል። ማሽኑ በ80 እና በ100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚልከው ምት) መካከል ተደርጎ፣ ጠንከር ብሎ ግን ሳያምም፣ ለ30 ደቂቃ ይሠራበታል። ተለጣፊዎቹ የሚሰቀጥጠው ቆዳ ላይ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነርቩ በሚመጣበት መስመር ላይ ይለጠፋሉ። በደነዘዘ ቆዳ ላይ አይሆንም። ልቡ ውስጥ የምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው አይጠቀም።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ብረት የገባበትንና ነርቭ የተጎዳበትን እግር አጥብቆ ማሸትና በቀርከሃ ማሰር ጉዳቱ ያመዝናል። የሚቋጠረው ነርቭ በታሸ ቁጥር ይቆጣል። ፊዚዮቴራፒ ሌላ ነገር ነው፤ በባሕር ዳር እንደ ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወት ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ለዚህ የሚጠየቁ ናቸው። ጥሩ አገልግሎት የሚታወቀው በመጀመሪያው ቀን በሚደረገው ነው፤ ባለሙያው ሁለቱን እግሮች በጥጥና በሹል ነገር ጫፍ አመሳክሮ ይፈትሻል፣ የቁርጭምጭሚቱን መታጠፍ ይለካል፣ የተደረገውን ጫማ አውልቆ ያያል፣ የቤት ልምምድ ጽፎ ይሰጣል። በየቀኑ መብራት ብቻ እያሞቀ የሚሸኝ ክፍል ይህን አያሟላም።

ገበያውም ፋርማሲውም ተትቶ በቀጥታ ወደ ሐኪም የሚኬድበት ጊዜ አለ። እግሩ ከሌላኛው ይልቅ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ፣ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ፣ ላቡና ጸጉሩ ተለውጦ፣ ሕመሙ ከጉዳቱ ልክ በላይ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ መታየት አለበት፤ ይህ ሕመም ቀደም ብሎ ሲያዝ ነው የሚቀለው። ጠባሳው እዥ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ባት አብጦ ካመመ፣ ወይም እግር ወደ ላይ መነሣት ካቃተው በዚያው ቀን መታየት አለበት።

የቀረው ዱላ ነው። በጎጃም ዱላ የሌለው ቤት ስለሌለ ግዢ ላያስፈልግ ይችላል፣ ግን መለካት አለበት። ቆሞ እጅን ወደ ታች ጥሎ የዱላው ራስ ከእጅ አንጓ መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። መቋሚያ ለቆመበት ይጠቅማል፣ ረጅም ስለሆነ ለመራመጃ ግን አይሆንም። የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ በኩል ባለው እጅ ነው፤ ቀኝ እግሩ ለታመመው በግራ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ይደረግ፤ በስግደት ጊዜ የእግር ጀርባ ድንጋይ ላይ እንዳያርፍ ነጠላ ተጣጥፎ ከሥር ይነጠፍ። የዱላው ጫፍ የጎማ ቆብ ይኑረው፤ ቆቡ በልቶ እንጨቱ መሬት መንካት ሲጀምር ይቀየር፣ ምክንያቱም በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ቆብ የሌለው ዱላ ከእግር በፊት ይንሸራተታል።